ለተቆጣ ቁስል «በቃ» የሚለው ማነው? የዶክተር አጸደ ሕዝቅያስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አጸደ ሕዝቅያስ በመጋቢት ወር 1958 ዓ.ም. በአርሲ፣ አሰላ ከተማ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሕዝቅያስ ደምሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንቱ ቶሎሳ ተወለዱ። አባታቸው የከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አጸደና ወንድማቸው ሐብታሙ የሚውሉት በዚያው በጤና ጣቢያው ደጃፍ ነበር። ስለዚህ ዶክተር አጸደ ከፊደል በፊት ያወቁት ነገር ቢኖር የሚፈላ መርፌ ድምፅና የአዮዲን ሽታ ነው።

በሰባት ዓመታቸው የአጥር ቆርቆሮ እግራቸውን ቆረጣቸው። በማግሥቱ ቁስሉ ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ። አባታቸው ፋሻውን ፈትተው አዩና «ተቆጥቷል» አሉ። አጠቡት፣ አሰሩት። ከቀናት በኋላ ሲፈቱት እብጠቱ ጎድሏል፣ ቅላቱም ከስሟል። ሕፃኗ ቁስሉን ትኩር ብላ ካየች በኋላ «አባዬ፣ ማን ነው በቃ ያለው?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ሕዝቅያስ መድኃኒቱ ነው ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። ግን ሐሰት የማይወዱ ሰው ነበሩ። «እኔ አይደለሁም፤ እኔ ያጠብኩት ብቻ ነው» አሉ። «ፈጣሪ ነው። እሱ ግን ያለ እጅ አይሠራም። እጁን አንቺ ፈልጊ።»

ዶክተር አጸደ ከዚያን ቀን በኋላ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰላ አጠናቀው፣ በማትሪክ ከፍተኛ ውጤት በማምጣት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1980 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። እዚያው ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ናይሮቢ መጡ። የመጡት ተምረው ሊመለሱ ነበር። ኢስትሊ በተባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ የመጋረጃ ጨርቅ መደብር በላይ ያለች ክፍል ተከራዩ። የመደብሩ ባለቤት ዛሬ በመካከላችን በሐዘን የተቀመጡት አቶ ታዴዎስ ወልዴ ናቸው።

አቶ ታዴዎስ ይህን ታሪክ ሲያወሩ «አንድ ሜትር ጨርቅ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ደረጃ የወረደች ሴት» ይላሉ። ዶክተር አጸደ ደግሞ «የመጀመሪያው ቀን በትክክል ቢለካልኝ ኖሮ ሳላገባው እቀር ነበር» ብለው ይመልሱ ነበር። በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1990 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ኢዮኤል በ1992፣ ሜሮን በ1995 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤተሰቡም ከጊዜ በኋላ ወደ ኪሊማኒ ሰፈር ተዛወረ።

ዶክተር አጸደ በናይሮቢ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሠርተዋል። ብዙዎቻችን ሥራቸው ምን እንደሆነ ጠይቀናቸው እናውቃለን። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ለቀሳውስትም ለማታቱ ታክሲ ሹፌርም፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይመልሱ ነበር። የሚሉትም ይህን ነበር።

ሰውነታችን ከሕዋሳት ተሠርቷል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ጠርዝ ላይ ጠላት መግባቱን ለማወቅ የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። ጠላቱን ሲያገኙት ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጠራሉ፤ የተጠሩት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ስብሰባ ይሆናል። በሕዋሱ ውስጥ ደግሞ አንድ መልእክተኛ አለ። በሰላሙ ጊዜ ሌላ ፕሮቲን አቅፎ ይዞታል፣ ወዴትም አያስኬደውም። ከስብሰባው ትእዛዝ ሲወጣ ያዡ ይፈርሳል፤ መልእክተኛው ይለቀቃል፤ ወደ ሕዋሱ እምብርት ዘልቆ ዘራችን በተጻፈበት ላይ ያርፍና «ተነሡ» ይላል። የምንቀላው፣ የምናብጠው፣ የምንሞቀው ያኔ ነው። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል፤ የአሰላው ድሬሰር ቁጣ ይለዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ውኃ ጀበና ውስጥ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ነው፤ በዓይን በማይታይ ስፍራ፣ ስማቸው እንደ መኪና ታርጋ ፊደልና ቁጥር በሆነ ፍጥረታት።

አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ በቤተ ሙከራ ውጤቱ ሲወጣ ዶክተር አጸደ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ማንሣት ነበር፤ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው። ከዚያ ጥያቄያቸው ይመጣል። ሌሎች እሳቱ እንዴት እንደሚነሣ ሲያጠኑ እርሳቸው የሚጠይቁት ያንኑ የድሮውን ነበር፦ በቃ የሚለው ማነው?

ሜሮን ሦስት ዓመት ሲሞላት ይህ ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤት ገባ። ልጅቷን ትኩሳት ይመላለስባት ጀመር። ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ እንጥል ነው ተባለ። አፏ ይቆስላል፣ ጉልበቷ ያብጣል፣ ከዚያ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል። በአንድ የትምህርት ዘመን ክፍል ከገባችበት ቀን የቀረችበት ይበልጥ ነበር። እናቷ በየማለዳው ብብቷ ሥር ቴርሞሜትር አድርገው ቁጥሩን ያነቡ ነበር። ያ ቁጥር የቤቱ የአየር ሁኔታ ነበር፤ ቁርስ ላይ ሳቅ መኖር አለመኖሩ በእርሱ ይታወቅ ነበር።

ተገቢው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የሜሮን ደም በእናቷ ቤተ ሙከራ ተጠና። እንዲህ ያለ ጥናት ማነጻጸሪያ ይፈልጋል፤ የታመመው ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጎን ለጎን ይታያል። ዶክተር አጸደም እጅጌያቸውን ሰብስበው «ከእኔ ቅዱ» አሉ። በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፤ ቅርብ ያለው ጤነኛ ደም የራስ ደም ነውና። የአፍ ቁስል እርሳቸውም ከልጅነታቸው ነበረባቸው፣ ጉልበታቸውንም በክረምት ያማቸው ነበር። ነገር ግን ይህ በአባታቸውም ላይ የነበረ ነው፤ «የሕዝቅያስ ቤት አፍ» ተብሎ ተስቆበት፣ በጨው ውኃ ተጉመጥምጦ የሚታለፍ ነገር ነው። በሽታ ብሎ የቆጠረው አልነበረም።

ጥናቱ በተደገመ ቁጥር የእናትና የልጅ ሕዋሳት አንድ ሆነው ተገኙ። ዶክተር አጸደም «የሜሮን ሕዋስ የጎደለው የለም» ብለው ደመደሙ፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ። ዓመታት በዚህ አለፉ። ልጅቷም በትኩሳት አደገች።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለመናገር ዶክተር አጸደ መርዶን ይጠሉ እንደነበር ማንሣት ግድ ነው። የሞት ዜና ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ የሚነገርበትን ልማዳችንን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። «ሐዘን ሙዝ አይደለም፤ ተሸፍኖ አይበስልም» ይሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ይህን ተናግረው፣ የኢዮኤል የክርስትና አባት ጋሼ ባንታየሁ «አበልጅ፣ አንቺ ሁሉን ነገር በቤተ ሙከራ ቱቦ ልታደርጊው ነው» ብለው ሰውን እንዳሳቁ የሚያስታውሱ እዚህ አሉ።

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. አቶ ሕዝቅያስ በአሰላ አረፉ። ስልኩ የተደወለው ለአቶ ታዴዎስ ነበር። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ባለቤታቸው በሥራ ተወጥረዋል፤ ቤተሰቡ ሩቅ ነው። አቶ ታዴዎስ ኢስትሊ ወደሚገኘው ወደ ጋሼ ባንታየሁ ምግብ ቤት ሄደው አለቀሱ። ሰው እስኪሰበሰብ ዜናው ተያዘ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ የኪሊማኒው በር ተንኳኳ። ዶክተር አጸደ ከፍተው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ሲያዩ ምንም ሳይነገራቸው አወቁ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ማክሰኞ» አሉ ጋሼ ባንታየሁ።

«ረቡዕ ስስቅ ነበር፤ ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ! አባቴ ሞቶ እኔ ስስቅ ቁጭ ብለው ሰሙኝ?»

«ሰማሁሽ። እንደ እሾህ ነው የወጋኝ። ግን ብቻሽን ሳለሽ እንዴት ይነገርሻል? ዜናውን የሚያመጣው ሰው መያዣውንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ አበልጅ።»

ዶክተር አጸደ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር። ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡትን እጅ ጋሼ ባንታየሁ ያዙት። ከዚያም በኋላ ሐዘኑ እስኪያልቅ ጋሼ ባንታየሁ ከቤቱ አልሄዱም። መርዶውን ይዘው የገቡት ሁሉ እዚያው ቆዩ፤ ያበሰሉት፣ ያባበሉት፣ ለቅሶው ሲበዛ «በቃ፣ በቃሽ» ያሉት እነርሱው ነበሩ።

በዚያው ሳምንት፣ መርዶው ከመነገሩ በፊት፣ የሜሮን ደም ለጥናት ተቀድቶ ነበር። ሕያው ሕዋስ ሐዘን አያውቅም፤ ቢያቆዩት ይሞታል። የዶክተር አጸደ የሥራ ባልደረባ የሆነችው፣ እንደ ታናሽ እህት የሚያዩዋት ሰአዳ አሚር፣ ሥራውን ብቻዋን ልትቀጥል ወሰነች። ማነጻጸሪያዋ ግን ሐዘን ቤት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከራሷ ክንድ ቀዳች።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ደሞች አንድ ሳይሆኑ ቀሩ።

በሰአዳ ሕዋሳት ውስጥ ጠሪዎቹ ፕሮቲኖች ተሰበሰቡ፤ ትእዛዝ ወጣ፤ ከዚያ አንድ ሌላ ፕሮቲን ደርሶ የተያያዙትን አላቀቀ፣ ስብሰባውንም በተነ። በሜሮን ሕዋሳት ውስጥ ያ አሰናባች ፕሮቲን እኩሌታው ብቻ ነበር። ስብሰባው አልተበተነም፤ «ተነሡ» መባሉ አላቆመም። ሰአዳ የተሳሳተች መሰላት። ጊዜ ወስዳ በሌሎች ባልደረቦች ደም ደገመችው። ያው ሆነ። የዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ገባትና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ከእናቷ ጋር አንድ ሆና የኖረችው ጤነኛ ስለሆነች አልነበረም።

ሰአዳ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ዶክተር አጸደ ሐዘን ጨርሰው ሥራ ሊጀምሩ ሲቃረቡ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወደ ኪሊማኒ መጣች። አስቀድማ ለአቶ ታዴዎስና ለጋሼ ባንታየሁ ደውላ እንዲገኙ ለምናቸው ነበር።

«ዶክተር፣ ይቀመጡ» አለች።

«ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሜሮን ምን እንደጎደላት ተገኝቷል። ሳናየው የኖርነው በማነጻጸሪያው ነው።»

«ማነጻጸሪያው ምን ሆነ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሰአዳ ያወጣችውን ምስል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዶክተር አጸደ አጎንብሰው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ልጃቸው በትኩሳት የነደደችባቸው ዓመታት በሙሉ በዚያ ወረቀት ላይ ነበሩ፤ የራሳቸው ደም ያው ጉድለት ስላለበት የልጃቸውን ሕመም ሸፍኖ እንደኖረም እዚያው ነበር።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ።

«የጠረጠርኩት በሐዘኑ ሳምንት ነው።»

«ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሐዘን ላይ ሐዘን እንዴት ይጫናል፣ ዶክተር?»

ጋሼ ባንታየሁ አላስችል ብሏቸው «ይኸው! ከቤተ ሙከራሽ መርዶ ነጋሪ አወጣሽ፣ አበልጅ!» አሉ። ዶክተር አጸደ ሳቁ። እየሳቁ አለቀሱ። ቀጥሎ የተናገሩት ቃል በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ «እንግዲህ ነግራችሁኛል። አሁን ማንም ከዚህ እንዳይነሣ።» ማንም አልተነሣም። እስከ ማታ ድረስ አብረዋቸው ዋሉ።

በዚያ ቀን፣ ዶክተር አጸደ ኋላ እንደተናገሩት፣ ለዓመታት ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር አመኑት። ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድመው የጻፉት ነው። ያ መልእክተኛ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ «ተነሡ» ሲል፣ በዚያው ትንፋሽ የራሱ ያዥ እንደገና እንዲሠራ፣ ስብሰባውን የሚበትነውም ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛል። በቃ የሚለው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ዜናውን ይዞ የገባው ራሱ መያዣውን ይጠራል። «አባቴ እጁን ፈልጊ ብሎኝ ነበር» አሉ ዶክተር አጸደ፣ በዚያው ዓመት ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ፤ «እኔ አንዲት ጣቱን አየሁ። እሷም የተኮሰችውን ቦታ መልሳ የምትዳብስ ናት።»

በውጭ አገር ያሉ ባልደረቦቻቸው የእናትና የልጅን ዘር መርምረው አረጋገጡ፤ ከወላጆቻችን ከምንወርሳቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ በሁለቱም ላይ የተሰበረ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሜሮን ያንን ያልቆመ ጥሪ በደም ውስጥ የሚያስታግሥ መርፌ ጀመረች። ትኩሳቱ ራቀ። በዚያ ዓመት አንድም ቀን ሳትቀር ትምህርቷን ፈጸመች። የእናቷ ቴርሞሜትር ግን አልቀረም። «እማ፣ ናይንቲን ሆኛለሁ እኮ፣ ፕሊዝ!» ስትል «ሕዋስ የልደት ቀን አያከብርም፤ ብብትሽን አምጪ» ይሏት ነበር።

ዶክተር አጸደ ይህን ስሕተታቸውን ደብቀው አያውቁም። በጻፉት ጥናትም በጉባኤም ተናግረውታል፤ በእርሳቸው ቤተ ሙከራም ማንም የራሱን ደም ማነጻጸሪያ እንዳያደርግ ደንብ አደረጉ። በእርሳቸው ምክንያት፣ በወባ ስም ስትታከም የኖረች ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ ወንድ ልጅ፣ እውነተኛው ሕመማቸው ታውቆላቸዋል። ኬንያውያን ተማሪዎቻቸው «ማማ ቶሻ» ይሏቸው ነበር። ቶሻ በስዋሂሊ በቃ ማለት ነው። ያሰለጠኗቸው ዛሬ በዚህ ቆመው እያለቀሱ ነው።

ያው የፕሮቲን ጉድለት ለረጅም ዘመን በዶክተር አጸደ ላይ ገር ሆኖ ኖረ። በ2014 ዓ.ም. ጉልበታቸው ላይ ጠናባቸው፤ በ2016 ኩላሊታቸውን ነካ። በናይሮቢም በአዲስ አበባም የተቻለው ሕክምና ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ሆስፒታል ተኝተው የምርመራ ውጤታቸውን በራሳቸው መነጽር ያነቡ ነበር፤ እየታመሙም መደነቃቸው አልቀነሰም። «እነዚህን ፕሮቲኖች ተመልከቷቸው፣ ምን ያህል ታማኝ ናቸው!» ይሉ ነበር። «ሂዱ የሚላቸው አጥተው እኮ ነው።»

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጋሼ ባንታየሁን አስጠርተው አንድ ነገር ለመኗቸው። ሜሮን በሞምባሳ የፋርማሲ ትምህርቷን የመጨረሻ ልምምድ ላይ ነበረች። «ጋሼ፣ በስልክ እንዳትሰማ» አሏቸው። «ብቻዋን ሳለች እንዳትሰማ። ሰው ሰብስባችሁ ሂዱ። የነገራትም ሰው አብሯት ይቀመጥ።» ጋሼ ባንታየሁ «መርዶ አልጠላሽም ነበር?» ሊሉ ፈልገው እንደነበር፣ ነገር ግን እንዳልቻሉ ነግረውናል።

ዶክተር አጸደ ሕዝቅያስ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ኢዮኤል በተገኙበት፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሜሮን እንደ ልማዷ በማለዳ የትኩሳቷን ቁጥር በስልክ ልካላቸው ነበር። በመጨረሻ ያነበቡት እርሱን ነው።

በዚያን ዕለት የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ያደረገውን ቤተሰቡ አይረሳውም። በኢስትሊ፣ በኪሊማኒ፣ በሩንዳ በሺህ የሚቆጠር ስልክ አለ፤ በቴሌግራሙም በዋትስአፑም አንዲት ቃል አልወጣችም። ያረፉት የምንወዳቸው ሴት ነበሩ፤ ከተማው በሙሉ ዜናውን አቅፎ ያዘው። ኢዮኤል፣ ጋሼ ባንታየሁና ሰአዳ የከሰዓቱን ባቡር ይዘው ወደ ሞምባሳ ወረዱ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የሜሮንን በር አንኳኩ።

ሜሮን ከፍታ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ሰአዳ አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ወደ ፊት ዘረጋች።

«ንጎጃ፣ አንቲ ሰአዳ፣ ቆዪ» አለች። «መጀመሪያ ግቡና ተቀመጡ። ሁላችሁም። ከዚያ ንገሩኝ።»

ገብተው ተቀመጡ። ነገሯትም። ማንም አልተነሣም።

ዶክተር አጸደ ባለቤታቸውን አቶ ታዴዎስ ወልዴን፣ ልጆቻቸውን ኢዮኤልንና ሜሮንን፣ ለዚህ ቀብር ከአሰላ የመጡትን ወንድማቸውን አቶ ሐብታሙን፣ እንዲሁም ብዙ ተማሪዎችንና ወዳጆችን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ላስታመማችሁ፣ በሞታቸው ለያዛችሁን ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል።

ዛሬ የሁላችንም ዓይን አብጧል። አሁን ይህ ሲነበብ፣ በእያንዳንዳችን ሽፋሽፍት ሥር፣ የተያያዙት መላቀቅ ጀምረዋል፤ ያዡም እንደገና እየተሠራ ነው። ማንም ሳያዛቸው፣ እኛም ሳናውቅ። ነገ ጠዋት እብጠቱ ጎድሎ እናገኘዋለን። ሐዘናችን ያኔም ይኖራል፤ ዓይናችን ግን ይከፈታል። ዶክተር አጸደ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ለማየት ነበር።

ዛሬ ማለዳ ወደዚህ ከመውጣታችን በፊት ሰአዳ ቴርሞሜትሩን ከዶክተር አጸደ መሳቢያ አውጥታ የሜሮንን ትኩሳት ለካች። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት። ትኩሳት የላትም።

ለባሕር ዳርቻ ሠርቶ «እስከዚህ» ያለ፣ በሕዋስም ውስጥ «በቃ» የሚለውን ያኖረ አምላክ፣ የእኅታችንን ነፍስ ድካምና ትኩሳት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍ። እኛንም እንባችን እስኪበቃን ድረስ አብሮን ይቀመጥ። አሜን።